ሬዲዮዋ የማትሰማው መልስ

ባለፈው ሰሞን ማንኩሳ ገበያ ውስጥ፣ ከመስተዋትና ከማበጠሪያ ጋር ተደርድሮ ወረንጦ ሲሸጥ አየሁ። ከጣት የማይረዝም፣ ሁለት ጫፉ ሲገጥም ቀጭን ፀጉር እንኳ የማያመልጠው ቁራጭ ብረት ነው። ሻጩ ልጅ ሳየው አይቶኝ ለእሾህ እንደሱ ያለ የለም አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ግን ወረንጦ የሚፈለገው ለእሾህ አልነበረም። እናቴ በማተቧ ላይ ከሣጥን ቁልፍ ጋር አንጠልጥላው ትዞር ነበር፤ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይኗን የሚወጋትን ሽፋሽፍት ትነቅልበታለች። ላነሣው እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብሁት።

ያን ጊዜ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ሬዲዮ ነበር። የኔ ዘመን ሰው አይረሳውም። መምህር አስረስ ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ያቆሙታል፤ የባትሪ ድንጋዩ የደከመ እንደሆነ ፀሐይ ላይ አስጥተው ነፍስ ይዘሩበታል። ሙዚቃው ያልፍና ያቺ ድምፀ መልካም ሴት ትጀምራለች። «ካን ዩ ጃምፕ?» ብላ ዝም ትላለች። እኛ ጣራው እስኪነቃነቅ «የስ፣ አይ ካን» እንላለን። «ቬሪ ጉድ» ትላለች። ከክፍላችን ጀርባ የተሰጣው በርበሬ ሽታ በመስኮት እየገባ ግማሻችን እያስነጠስን ሳንመልስ እንቀራለን፤ እሷ ዘንድ ግን ሁሌም ቬሪ ጉድ ነው። አንድ ቀን «ካን ዩ ፍላይ?» አለች። መብረር አንችልም እንድንል ነበር የተፈለገው። እኛ በአንድ አፍ እንችላለን አልን። እሷም አመሰገነችን።

የሳቀችው እኅቴ ባንቺአምላክ ብቻ ነበረች። ታላቄ ናት፤ ለቤት ሥራ ስትፈለግ ዘግይታ ገብታ ነው ከኔ እኩል የተማረችው። ወደ ቤት ስንመለስ ብንሰድባትም ቬሪ ጉድ ነው የምትለን አለችኝ። ቢሆንም ትወዳት ነበር። ውኃ ስንቀዳም ሆነ በርበሬ ስንለቅም በዚያች ሴት ድምፅ ትጠይቀኛለች፤ ልክ ሬዲዮዋ የምትጠብቀውን ያህል ትጠብቅና፣ መለስሁም አልመለስሁም፣ ታመሰግነኛለች። ዓይኔን ብጨፍን ሬዲዮ አጠገቤ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሬዲዮው ሲያበቃ መምህር አስረስ «ካን»ን፣ «ካንት»ንና «ሜይ»ን ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው የምንችለው፣ ሁለተኛው የማንችለው ነው። ሜይ ደግሞ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል፣ የላይኛው ብቻ የሚያውቀው ነው ይሉን ነበር። አንድ ቀን በካንት ዐረፍተ ነገር ሥሩ ሲሉን ማንም እጁን አላወጣም። እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባልን ያደግን ልጆች ነን፤ በታላቅ ፊት ተነሥቶ አልችልም ማለት፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ከአፋችን አይወጣም። ባንቺአምላክ ግን እጇን አወጣች። እናታችን ፀሐይን ቀና ብላ ማየት እንደማትችል ተናገረች። አስከትላም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አይ ሜይ ስፒክ ኦን ዘ ሬዲዮ» አለች። ልጆቹ ሳቁ። መምህር አስረስ አልሳቁም።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «ለምን አይሆንም?»

በዚያው ዓመት የባንቺአምላክም ሽፋሽፍት መታጠፍ ጀመረ። እኛ ቤት ማንም አልደነገጠም፤ ትራኮማ የሚሉት የዓይን ማዝ ከእናታችን ጋር የኖረ ነገር ነውና። እሑድ ጧት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጅ ላይ ቁርበት ያነጥፉና፣ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው በየተራ ይነቃቀላሉ። መጀመሪያ ባንቺአምላክ የእናታችንን ትነቅላለች፤ ከዚያ ራሷን እናታችን ጭን ላይ አድርጋ ትጋደማለች። እናቴ የተነቀለችዋን ፀጉር ሁሉ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ትለጥፋታለች፣ መውጣቷን ለማረጋገጥ። ሁለቱ እንዲያ ተጠጋግተው ሲንሾካሾኩ ሳይ እቀና ነበር። የኔ ዓይን ደህና በመሆኑ የተገፋሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰሞን ከፍኖተ ሰላም የዓይን መርማሪዎች ትምህርት ቤታችን ይመጣሉ ተባለ። ሽፋሽፍቱ የታጠፈበት ልጅ ተወስዶ የዓይኑ ቆብ በነጻ ይሠራለታል። እናቴ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። የባንቺአምላክን ቀሚስ አጠበች፣ ጸጉሯን ሠራች፤ ሊመጡ የታሰበ ዕለት ጧት ደግሞ ደጅ አውጥታ አስተኛቻት።

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል» አለች። «የልጄን ዓይን እንደተዝረከረከ ለሰው አላሳይም።»

ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን ተጠንቅቃ ነቅላ አታውቅም። አንዲት ፀጉር አላስቀረችም። ለመደበቅ አልነበረም። ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል፤ የምታውቀው ይህንን ነው።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ነጭ ገዋን የለበሰው ሰውዬ የባንቺአምላክን አገጭ ቀና አድርጎ በባትሪ አያት፤ ይወጋሻል ወይ ሲል ጠየቃት። እንደዚያ ቀን ሳይወጋት የዋለበት ቀን አልነበረምና አይወጋኝም አለችው። ይታይሻል ወይ አላት። አዎን አለችው። ዋሸች አልልም፤ ሁለቱም እውነት ነበር። ጧት ተነቅሎልኛል ማለት ለማን ይታሰበዋል? እንግዳን ቤቱ ጧት ተጠርጓል ብሎ የሚቀበል ሰው የለም። «ደህና ነሽ፣ እለፊ» አላት።

ከኋላዋ ደጉ የሚባል ልጅ ነበር። እናቱ ሞታ ከአያቱ ጋር የሚኖር፣ ዓይኑ ሁልጊዜ እንባ የሚያዝል፣ የሚነቅልለት ሰው የሌለው። መንደሩ ሁሉ ያዝንለት ነበር። ሰውዬው አንዴ አየውና ለይቶ አቆመው። ደጉ ፍኖተ ሰላም ሄዶ ዓይኑ ተሸፍኖ መጣ፤ ሲፈታለት ዳነ። ዛሬ ከዱርቤቴ ባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል። ባገኘኝ ቁጥር ጋቢና ያስቀምጠኛል፣ እኅቴን ሳይጠይቀኝም አይቀርም፤ እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየሁ እሄዳለሁ። ክፉ አልመኝለትም። ብቻ ያመኛል።

እኛ ቤትማ ሐኪም ደህና ናት ካለ ደህና ናት። ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል፣ ከቀድሞው አጥሮና ጠንክሮ ሲበቅል፣ መንቀሉ ቀጠለ። ባንቺአምላክ ከኋላ ወንበር ወደ መካከል፣ ከመካከል ወደ ፊት መጣች። ሰሌዳው እየደበዘዘባት ሄደ። የሬዲዮውን ትምህርት ግን ማንም አይስተካከላትም፣ እሱ ዓይን አይፈልግም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ፈተናው በወረቀት መጣ። ወረቀቱን እስከ አፍንጫዋ አስጠግታ ተቀመጠች፤ ሰዓቱ ሲያልቅ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበረች። መምህር አስረስ ውጤቷን ሲያዩ «ትችል ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ብዙ ቆይቶ ነው ፍኖተ ሰላም የወሰድናት። የዓይኗ ቆብ ተሠራ፣ መውጋቱም ቀረ። ብሌኗ ላይ የጣለውን ጠባሳ ግን መመለስ እንደማይቻል ሐኪሙ ረጋ ብሎ ነገረን። ቀድማ ብትመጣ ኖሮ አለ። እናቴ ለምርመራ የሚመጣ ሰው ሽፋሽፍቱን መንቀል እንደሌለበት የሰማችው ያን ቀን ነው። እዚያው ወንበር ላይ እንዳለች ወረንጦውን ከማተቧ ፈታችው። የሷንም ዓይን እንሥራው ሲሏት እንቢ አለች፤ እሺ እንጂ እንቢ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት።

«ልጄ ያላገኘችውን እኔ አላገኝም» አለች።

እስክትሞት ድረስ ዓይኗ እያነባ ኖረች። አልነቀለችውም፣ አላስነቀለችውም።

ዛሬ እንግሊዝኛ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ያቺ መብረር እችላለሁ ስትል የነበረችው። ካንና ኩድን ሳስተምር ምሳሌ ከመጽሐፉ እወስዳለሁ፤ የራሴን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ አልጽፈውም። የዛሬ ተማሪዎች እንደኛ አይጮሁም፣ ለመሳሳትም ጉልበት ያነሳቸው ይመስላሉ። ዘንድሮማ ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ቀን የሚዘጋበት ስለሚበዛ ልጄን እኅቴ ዘንድ አውላታለሁ። አክስትና ልጅ እንግሊዝኛ ያጠናሉ።

ትናንት ልወስዳት ስሄድ ልጄ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትጠይቅ ደረስሁ። «ካን ዩ ስዊም?» አለች። «ኖ፣ አይ ካንት» አለች ባንቺአምላክ፣ ሳታፍር። «ካን ዩ ሲንግ?» «የስ፣ አይ ካን።» ልጄ ገጹን ገለጠች። ቀና ሳትል፣ በጣቷ የወፏን ሥዕል እየተከተለች፣ የሚቀጥለውን አነበበች፦

«ካን ዩ ሲ ዘ በርድ?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባንቺአምላክ የሬዲዮዋ ሴት ለእኛ ትተወው የነበረውን ጊዜ ያህል ጠበቀች። ከዚያ በዚያችው ሴት ድምፅ፣ ምንም ሳታዛባ፣ «ቬሪ ጉድ» አለች።

ልጄም ጥያቄው የተመለሰ መስሏት ወደሚቀጥለው አለፈች።