አናማ ደመወዟን የጠየቀች ቀን

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ካቻምና ነው። የእኛ የቤተ እስራኤሎች የስግድ በዓል አልፎ ዝናቡ መጣል በጀመረበት ሰሞን ነበር። ብዙ ነገር ይረሳኛል፣ ይህ ግን አልተረሳኝም። ሰው ሳይሰድብና ሳይጮህ፣ ፈገግ እንዳለ ሰውን መበደል እንደሚችል በዓይኔ ያየሁት ያኔ ስለሆነ ይመስለኛል።

እኔ ከጎንደር ገጠር በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር የመጣሁ ነኝ። የምኖረው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አርሞን ሃናጺቭ አጠገብ ነው። ሥራዬ እዚህ ሜታፔሌት የሚሉት ነው። አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። የሚያሠማራኝ አንድ ድርጅት ነው፤ ደመወዜንም የሚከፍለኝ እሱ ነው።

ያን ጊዜ የተመደብኩት የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከኢትዮጵያ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሚርያም ይባላሉ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት የጨረሱ ሴት ናቸው። በዕብራይስጥ ለትንሹም ለትልቁም አንቺ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። አንዳንድ ቀን አእምሯቸው ጥርት ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከሞቱ የቆዩትን ባላቸውን፣ «ገና አልመጣም?» ብለው ይጠይቃሉ።

አብራቸው የምትኖር አናማ የምትባል ህንዳዊት ነበረች። አገሯ በደቡብ ህንድ ኬራላ የሚባል ክፍለ ሀገር ነው። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ከፍ ትላለች። ቀንም ሌሊትም ወይዘሮ ሚርያምን የምትጠብቅ እሷ ናት። እኔ የምሄደው እሷ በምታርፍበት በእሁድ ቀን፣ ደግሞም ገላቸውን ለማጠብ ሁለት ሰው ሲያስፈልግ ነው። የምንግባባው በዕብራይስጥ ነው። የእሷ ዕብራይስጥ የተሰባበረ ቢሆንም እንደማመጣለን። «አሆቲ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለት ነው።

አናማን የሚከፍላት የወይዘሮ ሚርያም አንድያ ልጅ ጊዮራ ነበር። ክፉ ሰው አይመስልም። ዓርብ ዓርብ አበባና ጣፋጭ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ለእኛም ያካፍለናል። የእናቱን እጅ ይዞ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። ልጆቼም እንዲህ ቢሆኑልኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ።

አንድ ቀን ወይዘሮ ሚርያምን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋን ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ሄድን። ዓሣ ካማራቸው ሰንብቶ ነበር። አናማ ስልክ ተደወለላትና ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከአንድ የወይራ ሻጭ ጥግ ቆመች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ባሏ ሆስፒታል ገብቷል፣ ለሕክምናው ማስያዣ ተጠይቀዋል። ትንሽ ገንዘብ እንዳበድራት እያፈረች ለመነችኝ።

ያለኝን እሰጣታለሁ አልኳት። ግን ገረመኝ። የቤት ኪራይ የለባትም፣ ስትወጣም አላይም፤ ገንዘቡ የት ይሄዳል? እኔ በከፊል ሰዓት የማገኘውን ነገርኳት። ወንበሩን መግፋቷን ትታ አየችኝ። ከዚያ የእሷን ነገረችኝ። ሌት ተቀን ሠርታ የምታገኘው የእኔን የግማሽ ቀን ሥራ ዋጋ ያህል ነበር።

ጊዮራ ለምትኖርበት ክፍልና ለምትበላው ምግብ እያለ ከደመወዟ ይቀንሳል። የቀረው ሲያንስባት ደግሞ፣ ለህንድ ይህ ብዙ ነው ይላታል። እሷም አምናው ተቀብላለች። ወደዚህ ላመጣት ደላላ ለመክፈል የተበደረችው ዕዳ ነበረባት፤ ከቤቱ ብባረር ቪዛዬ ይበላሻል ብላም ትፈራለች።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እናቴ ቢሮ በምታጸዳበት ዘመን የቀጠራት ኮንትራክተር ደመወዟን እየቆረጠ አስለቅሷት ስለነበር፣ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል በሕግ እንዳለ አውቃለሁ። ጊዮራ እናቱን ወደ ዓይን ሐኪም በወሰደበት ቀን አናማን ይዤ የውጭ አገር ሠራተኞችን በነፃ ወደሚያማክር ቢሮ ሄድኩ።

የተቀበለችን ወጣት ጠበቃ በትዕግሥት ሰማችን። ለክፍልና ለምግብ የሚቀነሰው በሕግ ልክ አለው፣ የእሱ ከልክ አልፏል አለች። አናማ አንድ ጥያቄ ደጋግማ ጠየቀች። ይህ ደመወዝ ለኢየሩሳሌም ብቻ ነው ወይስ ለሌላውም ከተማ? ከውጭ ለሚመጣ ሰው አይቀንስም? ጠበቃዋ ጥያቄው አልገባትም። ሕጉ ለአገሩ ሁሉ፣ ለዜጋውም ለእንግዳውም አንድ ነው ብላ መለሰችላት። አናማ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ አንገቷን ደፋች።

ስንመለስ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ስንደርስ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ልውጣ አለችኝ። እሷ የኬራላ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናት፣ የእነሱ ቤተ ክርስቲያንና የሐበሾቹ በሃይማኖት እህትማማች ናቸው፤ እሁድ እሁድ የምትስመው እሱን ነው። እኔ ቤተ እስራኤላዊት ስለሆንኩ አልገባሁም፤ በሩ ላይ ዝናቡን ተጠልዬ ቆምኩ። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ብዙ ቆየች። ወጥታ ጫማዋን ስታጠልቅ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ያኔ ነው የራሷን ታሪክ የነገረችኝ። አገሯ ሳለች ድሃ አልነበረችም። ባሏ ትንሽ የካሹ ለውዝ መፈልፈያ ነበረው። በህንድ፣ አለችኝ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። የኬራላ ከፍ ያለ ነው፤ የሰሜኖቹ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ከሰሜን ድሆች በባቡር እየተጫኑ ወደ ኬራላ ይመጣሉ። ሕጉ ሠራተኛ በሚሠራበት ቦታ ዋጋ ይከፈለው ይላል። ባሏ ግን የሚከፍላቸው በመጡበት አገር ዋጋ ነበር። ገንዘቡን በእጇ የምታድላቸው ደግሞ አናማ ነበረች።

ከሠራተኞቹ አንዷ ፉልማኒ ትባላለች። የካሹ ቅርፊት የሚያቃጥል ዘይት አለው፤ ጣቶቿ ጠቁረውና ተልጠው ነበር። አንድ ቀን ቀርባ፣ የዚህ አገር ሴቶች ከእኛ የበለጠ ለምን ይከፈላቸዋል ብላ ጠየቀቻት። አናማም፣ «አገርሽ ብትሆኚ ይህን ታገኚ ነበር?» ብላ መለሰችላት። ፉልማኒ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከጊዜ በኋላ ልጇ ታሞባት ሥራውን ትታ ሄደች፤ ወሬዋም ጠፋ። መፈልፈያውም ውሎ አድሮ ከሰረ፣ ባሏም በዕዳ ተያዘ፣ እሷም ተሰደደች።

እጇን ያዝኩና አብረን ሄድን።

ዓርብ እለት ጊዮራን ልታናግረው ወሰነች፤ ቃል ሲያጥራት እንዳቃናላት እኔ አጠገቧ እንድሆን ጠየቀችኝ። ወይዘሮ ሚርያም ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኛ ማዕድ ቤት ነን። ጊዮራ ዳቦውን እየቆረጠ ነበር።

አናማ እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ «የዚህ አገር ሕግ የሚለውን ደመወዝ እፈልጋለሁ። ያለፈውንም» አለችው።

አልተቆጣም። ቢላውን አስቀመጠና ፈገግ አለ። «አናማ፣ አገርሽ ብትሆኚ ስንት ታገኚ ነበር?»

ይህን ሲል ፊቷ አመድ መሰለ። ለምን እንደሆነ እኔ አወቅሁ፤ እሱ አላወቀም። ትንፋሿን ሰብስባ፣ «አገሬ ብሆን ማታ ከባሌ ጋር ቤቴ እተኛ ነበር» አለችው።

ወደ እኔ ዞሮ አንቺ ነሽ ይህን ያስተማርሻት አለኝ። ሕጉ ነው አልኩት። ከዚያ ብዙ ተናገረ። ሁለት ልጆች እንደሚያስተምር፣ የራሱ ቤት ብድር እንዳለበት፣ ለአናማ ስልክ እንደገዛላት፣ በበዓልም ስጦታ አጉድሎባት እንደማያውቅ ዘረዘረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። በመጨረሻ፣ ይህን ከገፋሽበት እናቴን መጦሪያ ቤት ከማስገባት ሌላ ምርጫ የለኝም፣ የምትወጃት ከሆነ አስቢበት አላት።

ከሳሎን የወይዘሮ ሚርያም ድምፅ መጣ።

«ጊዮራ፣ ያልተከፈለው ማነው?»

«ማንም የለም እናቴ። ስለ ሌላ ነገር ነው የምናወራው።»

«ክፈለው» አሉ። «እኔ ጡረታዬ አለኝ። ለሠራው ሰው ክፈለው።»

ጊዮራ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። አናማ እሱ የተወውን ዳቦ ቆርጣ ጨረሰችና ለአሮጊቷ ወሰደችላቸው። ሰኞ ስሄድ ነገሩን ትቼዋለሁ አለችኝ። አሮጊቷ ሌላ ሰው ሲነካቸው ይደነግጣሉ፣ መጦሪያ ቤት ቢገቡ አይቆዩም፣ እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ እታገሣለሁ አለች። ተቆጣኋት። ግን በልቤ እውነቷን ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ወሩ ሳያልቅ ጊዮራ እናቱን መጦሪያ ቤት አስገባቸው። ለካስ ስማቸውን ካስመዘገበ ቆይቷል፤ አልጋ እስኪለቀቅ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። አናማ የሰማችው ልብሳቸውን እንድታዘጋጅ ሲነግራት ነው። ወይዘሮ ሚርያም መኪናው ውስጥ ሲገቡ የአናማን እጅ አልለቅም ብለው፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀች እሷ ራሷ ነበረች። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም። አናማ በስልክ ስትነግረኝ መጨረስ አቅቷት ዘጋችው።

እሷ ቴል አቪቭ ከአገሯ ልጆች ጋር ተጠግታ ከቆየች በኋላ ሰሜን ውስጥ በአንድ ከተማ ሥራ አገኘች። በዚያች ወጣት ጠበቃ በኩልም ክስ መሠረተች። እኔም ያየሁትንና የሰማሁትን ቃሌን ሰጠሁ። ድርጅቱ ወደ ሌላ ሰፈር አዛወረኝ።

ዝናቡ አልፎ ፀሐይ በወጣበት ሰሞን በዚያ መንገድ ሳልፍ ግድግዳ ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የወይዘሮ ሚርያም ስም ነበር። መጦሪያ ቤት ክረምቱን እንኳ በቅጡ አልጨረሱም። ለአናማ ደወልኩላት። በማግሥቱ በአውቶቡስ መጣችና ሐዘን ወደተቀመጡበት ወደ ወይዘሮ ሚርያም ቤት አብረን ሄድን። ክስ የመሠረተችበት ሰው ፊት መቅረብ ያስፈራል፤ እኔ እንኳ ልቀር አስቤ ነበር። እሷ ግን ሳልደርሳቸው ማደር አልችልም አለች።

በሩ ክፍት ነበር። ጊዮራ እንደ አይሁድ የሐዘን ወግ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጢሙን አልተላጨም። ሲያየን ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። ግቡ አለን። ወንበር ሰጡን፤ አናማ ግን የወይዘሮ ሚርያምን ባዶ ወንበር ስታይ አልቻለችም፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከእንግዶቹ አንዲት ሴት ይህች ማን ናት ብላ ጠየቀች።

«እናቴን ትንከባከብ የነበረች ናት» አለ ጊዮራ። «ከእኛ ጋር እንደ ቤተሰብ ነበረች። እናቴ እስከ መጨረሻው ቀን ስሟን ስትጠራ ነው የሞተችው።»

ሰው ሁሉ በሐዘኔታ አያት። አናማ ራሷን ዝቅ አደረገች። ጥቂት ቆይተን ወጣን።

ደረጃው ላይ ስንደርስ የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ስለ ጊዮራ ክፉ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ፣ እኔም የምለው ተዘጋጅቶልኝ ነበር።

«አሆቲ፣ እኛም ፉልማኒን እንደ ቤተሰብ ነሽ እንላት ነበር» አለችኝ። «ውሸት አልነበረም። እንወዳት ነበር።»

ክሱ በስምምነት አለቀ። ከሚገባት ከፊሉን አገኘች፤ ያም ለደላላው ብድርና ለባሏ ሕክምና ሄደ። ፉልማኒን ለማፈላለግ ሠራተኞቹን ወደ ኬራላ ያመጣ ለነበረው ሰው ደውላ ነበር። ሰውየው የትኛዋ እንደሆነች እንኳ ማስታወስ አልቻለም።

እኔ ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ ነኝ። አሁን አዲስ ቤት ስገባ፣ አብራ የምትኖር የውጭ አገር ሴት ካለች ስንት ነው የሚከፍሉሽ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ትነግረኛለች፣ አንዳንዷ ፊቷን ታዞራለች። የቤቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ደጎች ናቸው፤ ሻይ ያቀርቡልኛል፣ ልጆቼን በስማቸው ይጠይቁኛል። ድሮ እንዲህ ያለ ቤት ሲያጋጥመኝ ደስ ብሎኝ ነበር የምውለው። አሁን ሻዩን እጠጣለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ልቤ ግን አያርፍም።