ጠፍጣፋው ጭንቅላት

የበኩር ልጄን ቡራዩ ከተማ በወለድኩ ሰሞን የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ተነሳና መንገዱ ተዘጋ። ከሱሉልታ ሊያርሱኝ የመጡት አማቴ መመለሻ አጥተው እኛው ጋ ከረሙ። አስፋልቱ ላይ ጎማ ይቃጠላል፤ ጭሱ ሕፃኑ ጋ እንዳይደርስ መስኮቱን ዘግተን እኔና እሳቸው ውስጥ ተፋጠናል።

ጠባችን በልጁ አተኛኘት ነበር። ጤና ጣቢያ በሆዱ የሚተኛ ሕፃን በእንቅልፉ ድንገት ሊሞት እንደሚችል ስለነገሩኝ በጀርባው አስተኛዋለሁ። ዞር ስል እሳቸው መጥተው በሆዱ ይገለብጡታል።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሲያስመልሰው ይታነቃል። ጭንቅላቱስ? እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ ሊሆን ነው!" ይላሉ። የወለዷቸውን ሁሉ በሆዳቸው እያስተኙ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ማን ይከራከራቸዋል? መልሼ በጀርባው አስተኛዋለሁ።

አንድ ቀን ግን ታከተኝ።

"እማማ፣ ከፈለጉ ይርገሙኝ፤ ይህ ልጅ በሆዱ አይተኛም!" አልኳቸው።

እንኳን ልጮህባቸው ቀና ብዬ አይቻቸው የማላውቅ ምራት ነበርኩ። አኮረፉ፤ እህል አልቀምስም አሉ። ልጁን ግን ዳግመኛ አልገለበጡትም።

ጭንቅላቱ እንደፈሩት ከኋላ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሄድ ትልቅ ልጅ ነው። ባለፈው ፀጉር ቤት ስወስደው ፀጉር አስተካካዩ ዳበሰውና፣ "ከኋላ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንዲሸፍነው ረዘም ላድርገው?" አለኝ።

"እንዲያውም አሳጥረው" አልኩት። "ይታይልኝ!"