የእኔ ፅንስና የበርበሬው መደብ

ስድስት ዓመት ሙሉ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሆዴን ያላየ ሰው አልነበረም። ገበያ ብወጣ፣ ቡሬ ዘመድ ጥየቃ ብሄድ፣ የሰዉ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፊቴ ላይ ሳይሆን ቀሚሴ ላይ ነበር። «አሁንም ምንም የለም?» ይሉኛል። «የለም፤ እናንተስ ሥራ የላችሁም?» እላለሁ። አፈኛ ተባልኩ። መካን ከመባል ይሻላል።

የማሕፀኔ ቱቦዎች መዘጋታቸውን የነገረኝ አዲስ አበባ ያገኘሁት ሐኪም ነው። ባሌም ተመረመረ፤ ደህና ነው ተባለ። «ካንቺ እንቁላል፣ ከእሱ ዘር ወስደን በመስታወት ዕቃ ውስጥ እናገናኛቸዋለን። ፅንስ ሲሆን ወደ ማሕፀንሽ እንመልሰዋለን» አለኝ ሐኪሙ። የተዘጋውን መንገድ ዞሮ ማለፍ ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ በከንቱ ያለቀስኩባቸውን ዓመታት አስቤ በገንኩ።

ወሬው ማንኩሳ፣ የባሌ አባት ዘንድ፣ ቀድሞን ደረሰ። እሳቸው በርበሬ አምራች ገበሬ ናቸው። ግንቦት ላይ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጠው አስጠሩን። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ልጃቸው እኔን በክብር ሸኝቶ ሌላ ሊያገባ ነው። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል።

«ልጄ» አሉኝ አባቱ፣ «የግብርናው ሰውዬ ላም ሲያዳቅል አይቻለሁ። ዘሩ በበረዶ ዕቃ ታሽጎ ይመጣል፤ የማን ኮርማ እንደሆነ አይታወቅም። ጥጃው ሲወለድ የኔን በሬ አይመስልም። ባልታወቀ ዘር የልጄን ቤት አላስሞላም።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቴ። ምራት በሽማግሌ ፊት ብድግ አትልም፤ እኔ ብድግ አልኩ። ጓሮው ውስጥ ሣር የለበሰውን የበርበሬ ችግኝ መደብ አሳየኋቸው።

«አባቴ፣ የዚህን ዘር ከየት አመጡት?»

«ካምና ከሰበሰብሁት በርበሬ ነዋ!»

«ለምን ማሳው ላይ አልዘሩትም?»

«እዚያማ መች ይበቅልልኛል! መደብ ላይ አፍልቼ ነው የምተክለው።»

«ማሳው ላይ ሲያፈራስ የማን በርበሬ ነው?»

«የኔ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?»

«የእኔም እንደዚሁ ነው። ዘሩ የልጅዎ፣ እንቁላሉ የእኔ፣ መስታወቱ መደብ ነው። ሌላ ኮርማ የለም። እኔም ላም አይደለሁም!»

ባሌ ያኔ ቀና አለ። «አልፈታትም» አለ። ስድስት ዓመት ዘግይቷል፤ ቢሆንም ተቀበልኩት።

ሕክምናውን ጀመርን። መርፌውን ሆዴ ላይ በገዛ እጄ ወጋሁ። ፅንሱ ተመለሰልኝ፤ ግን አልያዘም። ደም ያየሁ ዕለት ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ የባሌ አባት በራችን ላይ ቆሙ።

«ሊያስወጡኝ ከሆነ አልወጣም» አልኳቸው፣ ገና ሳይቀመጡ።

ሽማግሌ አልያዙም። ከተከላ በቀጥታ ስለመጡ እግራቸው ጭቃ ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ዘንድሮ ከተከልሁት በርበሬ እኩሌታው ደረቀብኝ» አሉ።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ተካሁበታ። መደቡ ላይ ችግኝ ተርፎኝ ነበር።» ዓይኔን ሳያዩ ጠየቁኝ፤ «ያንቺስ ተርፏል?»

«ሁለት ፅንሶች ተርፈዋል። ሐኪሞቹ በቅዝቃዜ አስቀምጠውልኛል።»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አሉ በትራቸውን እያነሡ። «መቼ ነው የምንሄደው?»