ብረት ያልነካው ተረከዝ

ሰውነት ራሱን ያድናል የሚባለው ሐሰት ነው። ይሞክራል እንጂ አያድንም፤ ሥራውን ግማሽ ላይ ይተውና ዘመድ አዝማዱን ያታልላል። ይህን ያወቅሁት መርሳ ውስጥ፣ ከአጎቴ ተረከዝ ነው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነበሩ፤ ማንጎ የሚያለሙ፣ ሰጋጅና ተረበኛ ሰው። ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ሲወጣ እሾህ ነው አሉ። ነጥቡ ሰፋ፣ አበጠ፣ ረጠበ። ከወልድያ ልጠይቃቸው ስወርድ፣ ገና ከአጥሩ ሳልገባ ሽታው ይቀበለኝ ጀመር። ማርና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ለጥፈውበት፣ ከሥሩ መግል ይወርዳል፤ ዝንቡ እንደ ቤተኛ ይመላለሳል። የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ጠያቂው ሁሉ ይዞት የመጣውን ብርቱካን ያስቀምጥና ጨርቁን ገለጥ አድርጎ፣ አፍንጫውን በልብሱ ጫፍ ይዞ ይፈርዳል። ፍርዱ አንድ ነው፦ ብረት አይንካው፣ ስለት የቀመሰ እባጭ ይቆጣል፣ ገላውን ሁሉ ያዳርሳል። ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኩ ቁጥር መጽሐፍ ያሰከረው ተባልኩ።

ከዚያ ተአምር የሚመስል ነገር መጣ። የጥቁሩ ግማሽ ከዳር እየከሰመ ጠፋ፤ በቦታው ነጣ ያለ ቆዳ ቀረ። ቆየት ብሎ እጃቸው ላይም ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣ። ቤቱ «አብሽር» በሚል ጠያቂ ሞላ። በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። ከፈራጆቹ ሁሉ ዋናው የነበሩት ሽማግሌ ጎረቤት ቅልጥም እየመጠጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህ፣ አንተ የተማርኸው? ሳይነካ ራሱ ሸሸ።»

ቅልጥሙን ሳይ ተረከዙ ታየኝ፤ ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። የጥቁሩ ሌላ ግማሽ እኮ እዚያው፣ ከጨርቁ ሥር፣ እየሸተተ ነበር።

አጎቴን ያሳመናቸው የእኔ ክርክር አይደለም። ብሽሽታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ መራመድ ሲከለክላቸው፣ እሺ አሉኝ። ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ውርጌሳ ላይ አጠገባችን የነበረው ሰው ሽታውን መቋቋም አቅቶት ወደ ኋላ ተዛወረ። አጎቴ ቀስ ብለው፣ «ወንበሩ ሰፋልን» አሉኝ።

ደሴ ሆስፒታል ያየቻቸው ሐኪም ነጩን ቆዳ አይታ አልተደሰተችም፤ የቆዳ ካንሰር ነው አለች። ነገሩን ያስረዳቻቸው በኬላ መስላ ነው። እያንዳንዱ ሴል ውስጡ ከሚሠራው ነገር ቁራጭ ቁራጩን በገጹ ላይ ያሳያል፣ እንደ መታወቂያ። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እየዞሩ ያንን ይዳስሳሉ፤ ያልወደዱት ቁራጭ ካገኙ ሴሉን በስተው ይገድሉታል። የአጎቴን እባጭ አውቀውት ነበር፤ የነጣው ቆዳ የውጊያው ሜዳ ነው። እጃቸው ላይ የነጣው ደግሞ ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጡ ጤነኛ ሴሎች የነበሩበት ቦታ ነው፤ የእባጩን መሳይ መታወቂያ ስለያዙ አብረው ታረዱ። ከእባጩ የተረፉት መታወቂያቸውን ማሳየት የተዉት ናቸው፤ እነሱ ተባዝተው ብሽሽት ደረሱ።

አጎቴ፣ «ካወቁት፣ ለምን አልጨረሱትም?» አሉ።

«ከእርስዎ ሥጋ ነዋ፣ አባባ። የቤት ልጅ መደበቂያውን ያውቃል።»

«እንደ እኛ ሰፈር በይኛ።»

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ሊምፎሳይቶቹን መልሶ የሚያነሣሣ መድኃኒት ውጭ አገር እንዳለ፣ እሷ ዘንድ ግን እንደሌለ ነገረችን። ነጥብ ሳለ ቢመጡ ኖሮ፣ ቆርጦ ማውጣት ይበቃቸው እንደነበርም አልደበቀችም።

ተረከዙ ተቆረጠ፣ ብሽሽቱም ተከፈተ። ዘግይቶ ነበር። ማንጎው ሳይበስል ቀበርናቸው። ለቅሶ በተቀመጥንበት ያው ሽማግሌ ተጠግተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብረት ባይነካው ኖሮ፣ ይሄኔ በእግሩ ይሄድ ነበር» አሉ። የሰማው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የአጎቴ ተረከዝ በከፋበት ቀን እንኳ እንደዚያ አላቅለሸለሸኝም።

አሁን ካልሲህን አውልቅና ውስጥ እግርህን እይ። እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነገር ካለ፣ ጠያቂ ሳይሰማ ሄደህ አስቆርጠው።