የአባቴ እጅና የወገቤ ነገር

ከቤት የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል፣ በበቅሎ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ እንደ እህል ጭነት ታስሬ ነው። አባቴ የራሳቸውን መቀነት ፈትተው ወገቤን ጥፍር አድርገው አሰሩልኝና ፊታቸውን አዞሩ። መንደሬን ጋፋትን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ተዘቅዝቄ ነው፤ የበቅሎዋን ኮቴና ጭቃውን ብቻ። በእግራችሁ የተሰደዳችሁ ታድላችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንበሳሜ ገበያ ስንመለስ የተሳፈርንበት ጭነት መኪና ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ከተጫነው እህል ላይ ነበርሁ፤ ወደቅሁ፣ ጆንያው ወገቤ ላይ አረፈ። አባቴ አገር ያወቃቸው ወጌሻ ናቸው። ሁለት ጎረምሳ እግሬን፣ ሁለቱ ብብቴን ይዘው ሳቡኝ፤ እሳቸው በተረከዛቸው ወገቤን ረገጡ። በማግስቱ ግራ እግሬ ደነዘዘ፤ አውራ ጣቴም አልነሳ አለች።

በዚያው ሰሞን ለዘመቻ ተመለመልሁ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ልለምን ሄድሁ።

“የቱ ጋ ነው የተሰበርኸው፣ ጓድ?”

“አልተሰበርሁም። ወገቤ ነው።”

“ደም ወጥቶሃል?”

“የለም።”

“ስፌት አለህ?”

“የለም።”

“እንግዲህ አብዮቱ ጤነኛ ነህ ብሎሃል።”

ስለዚህ በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። ስለ መንገዱ አልጽፍም፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ወገቤ ውስጥ አለ።

ካርቱም የመረመረኝ ሐኪም እግሬን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳው ጮህሁ። “ጉድሩፍ ነው” አለ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ነገር ሾልኮ ወጥቶ የእግርን ነርቭ ሲጫን ነው፤ ፈረንጆቹ ዲስክ ይሉታል። በአስተርጓሚ ጠየቀኝ፦

“ከአደጋው በኋላ ማን ነካህ?”

“አባቴ።”

“ሐኪም ነው?”

“ወጌሻ ናቸው።”

“ያወጣው አደጋው ይሆናል፤ መርገጡ ግን ሳያብሰው አልቀረም። ሳንቃ ላይ በጀርባህ ተኛ። ጣትህ ካልተነሳች ቀዶ ጥገና ነው።”

በተከራየሁት ክፍል ያለው አንገረብ ነው፤ መሐሉ የሚሰምጥ የገመድ አልጋ። ሳንቃ ከየት ላምጣ? በሩን ነቅዬ ተኛሁበት። አከራዬ መጣ።

“ያ ሐበሺ! በሩ የት ሄደ?”

“ከጀርባዬ ስር።”

“አልጋ ሰጥቼህ የለም?”

“አልጋውን በር አድርገው።”

“ሌባ ቢገባስ?”

“ወገቤን ከፈለገ ይውሰደው!”

ሳቀና ተወኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሙቀቱ ከሳንቃው ጋር ያጣብቀኛል፤ የጉና ተራራ ብርድ በሕልሜ ይመጣል። ጧት ዓይኔን ሳልገልጥ ጣቴን አዛታለሁ፤ አትሰማኝም። እንዲህ ሆና ብትቀርስ?

ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ነገር አለስልሶ መጻፍ አላስተማሩኝም። ሐኪሙ ያለውን እንዳለ ጽፌ ወደ አገር ቤት በሚመላለስ ነጋዴ እጅ ለአባቴ ላክሁ። አባቴ ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤውን ቄሱ ደጅ ላይ ጮክ ብለው እንደሚያነቡት፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ እንደሚሰማ ረሳሁት። እንዴት እረሳለሁ?

ነጋዴው ደብረ ታቦር ሱቁ ውስጥ ስልክ አለው፤ በእሱ በኩል ቀን ተቃጠርን። መጀመሪያ እናቴ ያዘች።

“ደብዳቤህ ከተነበበ ወዲህ አባትህ ሰው አልነካም ብለዋል። የጎረቤታችን ልጅ ክንዷ ወልቆ እናቷ እግራቸው ላይ ብትወድቅም ልጅቱን ሳይነኩ መለሷት። ይኸው እናትና ልጅ እዚህ ድረስ ተከትለውን ከሱቁ ደጅ ቆመዋል። አንተ እንደሆን አባትህን አንድ ነገር በላቸው።”

አባቴ ስልኩን ተቀበሉ። ደኅና ነህ ወይ አላሉም።

“ጣትህ ተነሳች?”

ወደ እግሬ አየሁ። ነጠላ ጫማው ላይ ተጋድማለች።

“ተነሳች አባዬ። ወገብ እንዳይነኩ እንጂ፣ የወለቀ ክንድ ከእርስዎ የተሻለ ማን ይመልሳል? ልጅቱን ይዩልኝ።”

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ፦

“ከተነሳችማ መቼ ትመጣለህ?”

ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድበው በስልኩ ይሰማኛል። እኔ ካርቱም ከገባሁ ጠብታ አላየሁም።

“ክረምቱ ይውጣና።”

“እሱስ ልክ ነህ” አሉኝ። “ጭቃው ሳይደርቅ መኪና እንዳትሳፈር።”