ሊካንዶ ያልጠራው ወንዝ

እግዚአብሔር ነፍሱን በደጋጎች አጠገብ ያኑራትና፣ ሊካንዶ ዕድሜውን ሙሉ በዛምቤዚ ላይ ታንኳ የቀዘፈ፣ በሰንበትም ከቤተ ክርስቲያናችን ታጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ሲነሣበት እስከ እርጅናው ድረስ ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ ይኸውም ወንዝ አያውቅም መባሉ ነው።

በጎልማስነቱ፣ የወንዞችን ስም በወረቀት የሚያሰፍር አንድ ፈረንጅ ስድስት ቀዛፊዎች ይዞ ሽቅብ ሲጓዝ፣ ሊካንዶ ከታንኳው ፊት ቆሞ ይመራ ነበር። በአራተኛው ቀን ከምሥራቅ የሚመጣ ገባር ወንዝ ዘንድ ደረሱ። በዳርቻው የሚስቱ የኢኖንጌ አባት መንደር አለ። ኢኖንጌ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደዚያ ከሄደች አምስት ወር ሆኗታል፤ ሊካንዶም በዚያው ጉዞ ሊወስዳት ቆርጧል።

ችግሩ ሽማግሌው አማቱ በዚያ ወንዝ ስም መጠራታቸው ነበር። የሚስቱን አባት ስም ከአፉ ያወጣ አማች ደግሞ በአገራችን ሚስቱ አትመለስለትም።

«ይህ ወንዝ ማን ይባላል?» አለ ፈረንጁ በተሰባበረ አንደበቱ።

«ወንዝ ነው፣ ጌታው።»

«ወንዝነቱንማ አያለሁ። ስሙን ነው የጠየቅሁህ።»

«ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ዓሣም አለበት።»

ባልንጀራው ሙቢታ ከኋላ ሆኖ፣ «ንገረው እንጂ ወንድሜ፤ ምላስህን ዓሣ ነከሰው?» አለ።

«አንተስ ታውቀው የለም እንዴ? ለምን አትነግረውም?»

«የተጠየቀው መሪው ነው። እኔ የኋላ ቀዛፊ ነኝ።»

የቀሩት በሳቅ ታንኳውን ወዘወዙት። ፈረንጁ ደጋግሞ ጠየቀ። ሊካንዶ «ትልቁ» አለ፤ «ያ ማዶ ያለው» አለ፤ በመጨረሻም መላው ቢጠፋው «እርሳቸው» አለ። ፈረንጁ ወንዝ እንዴት አንቱ እንደሚባል ግራ ቢገባው እርሳሱን ወረወረ።

ዳርቻው ሲደርሱ ሽማግሌው መረብ ሲጠግኑ አገኟቸው። ፈረንጁም ምሬቱን አፈሰሰ፦ «ይህ ሰው ከዚህ መንደር አግብቻለሁ ይላል፤ የወንዙን ስም ግን አያውቅም። አምስት ጊዜ ጠየቅሁት።»

ሽማግሌው መረቡን አስቀመጡ። «አምስት ጊዜ?»

«አምስት ጊዜ።»

«አንዴም አልተናገረም?»

«አንዴም። ከመሪነቱ አንሥቼዋለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ጎጆው ዞረው፣ «ኢኖንጌ፣ ሕፃኑን እዘዪና ነዪ፤ ባልሽ መጥቷል» አሉ።

ሊካንዶ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሲመለስ ሙቢታ በእርሱ ቦታ ቆሟል፤ ለፈረንጁም የወንዙን ስም ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ ያስጽፈዋል።