መቀነቱ አልወልቅ ያለው ፊንባር

ፊንባር ታንግኒ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚያወራ ሰው ነበር። በቀረው ጊዜ ላሞቹን ያልባል፣ አጥሩን ይጠግናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትራክተሩን ነድቶ ወደ ኖሪን ሉሲ ነዳጅ ማደያ ይሄድና «ሙሉ» ይላል። ታንከሩ ሲሞላ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይመለሳል። ኖሪን ባሏ ከሞተ ወዲህ ማደያውን ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ፊንባር እሷን ሲያይ ጆሮው እንደሚቀላ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመቱን እንዲህ ፈጀው። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ኮንሴፕታ የእሱንም ድርሻ ጨምራ ስለምታወራ ቤታቸው ጸጥ ያለበት ጊዜ የለም።

ያቺ የሚያወራባት ቀን የቅድስት ብሪጅድ ዋዜማ ናት። ጥር ሊያልቅ ሲል፣ በኬሪ ተራሮች ላይ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ የበጎቹ ጡት ማጋት ሲጀምር፣ የመንደሩ ወንዶች የሚስቶቻቸውንና የእህቶቻቸውን ቀሚስ ይለብሱና ፊታቸውን እስከ አንገታቸው በሚሸፍን የገለባ ጭምብል ይከልላሉ። ከዚያ አኮርዲዮን እየተጫወቱ ብሪጅድንና ፀደይዋን ከቤት ቤት ያስገባሉ። ፊንባር ጭምብሉን ባጠለቀ ቅጽበት ሌላ ሰው ይወጣዋል። ይዘፍናል፣ ይተርባል፣ ባልቴቶቹን እያሽከረከረ ያስደንሳል። «ይሄ ደግሞ ማን ይሆን?» ይላሉ ሁሉም። ሁሉም ያውቁታል።

የእሱ ሥራ መቀነቱን መሸከም ነው። የብሪጅድ መቀነት ከገለባ የተገመደ ቀለበት ሲሆን በዙሪያው አራት የገለባ መስቀሎች ተሰክተውበታል። የየቤቱ ሰው በመሃሉ ያልፋል። ያለፈ ሰው ወገቤን ራሴን ሳይል ይከርማል ይባላል።

ጣጣው የመጣው በአትራክታ በኩል ነው። ቀኑ የመንግሥት በዓል ከሆነ ወዲህ መንደሩ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር አትራክታ ስትሆን፣ ምክትል ሊቀመንበሯም ጸሐፊዋም እሷው ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ግዙፍ ጎብኚ በመቀነቱ ሲያልፍ በጥሶት ስለነበር በንዴት አብዳ ነበር።

«ዘንድሮ የሚበጥሰው ወንድ ካለ ይምጣ!» አለችና መሃሉ ላይ የድርቆሽ ማሰሪያ ናይሎን አስገብታ፣ ገለባውን እንደ ክንድ አወፍራ ገመደችው። ልኩን የወሰደችው ግን በራሷ ወገብ ነው። አትራክታ ደግሞ ከመጥረጊያ እንጨት ብዙም የማትወፍር ሴት ናት።

አመሻሹ ላይ የመጀመሪያው ቤት የኖሪን ነበር። ፊንባር የኮንሴፕታን አበባማ ቀሚስ በሱሪው ላይ ደርቦ፣ ጭምብሉን አጥልቆ በሩን ደበደበው።

«ክፈቱልን! ብሪጅድ ደጅ ቆማለች፣ እግሯ በስብሷል!»

«እሷ ትግባ፤ እናንተ ግን ጫማችሁን ጥረጉ!» አለች ኖሪን ከውስጥ።

ገቡ። ሻይ ተቀዳ፣ የዘቢብ ዳቦ ተቆረሰ። ፊንባር ኖሪንን አንድ ዙር አስደነሳትና «አንቺ ሴትዮ፣ ናፍጣ የምትሸጪው እኛ በፍቅርሽ ነደን ከማለቃችን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አላት። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሷም በያዘችው ጨርቅ ትከሻውን መታችው። ፊንባር የልብ ልብ ተሰማው።

«በሉ መቀነቱን እንዴት እንደሚያልፉት እኔ ላሳያችሁ!» ብሎ በራሱ በኩል አጠለቀው። ትከሻውን በግድ አለፈ። እጆቹን አንድ በአንድ አወጣ። ሆዱ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ወደ ታች ቢገፉት አይወርድ፣ ወደ ላይ ቢጎትቱት አይወጣ።

«ዋጥ አድርገው!» አለችው ከአትራክታ ጋር ሰልፉን ተከትላ የመጣችው ኮንሴፕታ።

«ትንፋሼን? ዋጥኩት።»

«ሆድህን ነው የምልህ!»

«እሱ አይዋጥም፣ እህቴ። የአርባ ዓመት ድንች ነው።»

ኖሪን እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች መቀስ ይዛ መጣች። አትራክታ መሃል ገብታ እጆቿን ዘረጋች።

«እስቲ ንኪውና አሳይሻለሁ! መቀነቱ ከተቆረጠ የመንደሩ ጤና ተቆረጠ ማለት ነው። በአያቴ አባት ጊዜ ቆርጠውት ምን እንደመጣ ታውቂያለሽ?»

«ምን መጣ?»

«እኔ ነኛ የምጠይቅሽ! ተርፎ የነገረን ሰው የለም!»

ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ፊንባር መቀነቱን እንዳጠለቀ መንገዱን ቀጠለ። በየበሩ በጎን ሆኖ ይገባል፤ መስቀሎቹ የዕቃ መደርደሪያውን እየጠረጉ ብርጭቆ ያወርዳሉ። ቀለበቱን እሱ ስለሞላው ማንም ሊያልፍበት አልቻለም። «ታዲያ እኛ በየት በኩል እንለፍ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አደረ።

በማግስቱ ኮንሴፕታ ቀሚሷን በመቀስ ቆራርጣ ከመቀነቱ ሥር ካወጣች በኋላ ነገሩ ለአባ ኮርማክ ቀረበ። አባ ኮርማክ ከመስበክ ይልቅ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ፣ ጠብ የማይሆንላቸው ቄስ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ፊንባርን ዙሪያውን ዞረው ተመለከቱት።

«በመቀነቱ ማለፍ ካልተቻለ መዞር ይቻላል» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ጊዜ ዙሩትና ከፊት ያለውን መስቀል ተሳለሙ።»

ከፊት ያለው መስቀል የነበረው በፊንባር እምብርት ላይ ነው። ባልቴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ መተላለፊያ ላይ ተሰለፉ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሴት ጉንጩን እንኳ ስማው የማታውቀውን ሰው፣ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ ተራ በተራ እያጎነበሱ ሆዱን ሳሙት። ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆነ።

«ኮንሴፕታ» አለ በጥርሱ መሃል። «ጭምብሌን አምጪልኝ።»

«በቤተ ክርስቲያን?»

«አምጪልኝ አልኩሽ፤ አለዚያ እዚሁ እሞታለሁ!»

አመጣችለት። አጠለቀውና ወዲያው ቀና አለ። «ቀጥሎ ማን ነው? አይዟችሁ፣ ለሁላችሁም የሚበቃ ሆድ ነው!» አለ። አባ ኮርማክ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊንባር ጭምብሉን የሚያወልቀው ለመብላትና ለመተኛት ብቻ ሆነ። ጠያቂ ይጎርፍ ነበር፤ ለጠያቂ ደግሞ በባዶ ፊት መልስ መስጠት አይችልም። ከሩቅ መንደር ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች በመኪና እየመጡ ይዞሩታል። የመቀነቱ ገመድ በሱሪው ቀበቶ ላይ ስላረፈበት ቀበቶ መታጠቅ ትቶ ነበር፤ ሱሪውን የያዘለት መቀነቱ ነው።

ኮንሴፕታ ግን መሮአታል። ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ ቤት ውስጥ መተላለፍ አልቻለችም። አትራክታ የከለከለችው መቁረጥን እንጂ ማንሸራተትን አይደለም ብላ፣ ጨው ያለበትን የቤቱን ቅቤ በሙሉ አቅልጣ ሆዱንም ገለባውንም ለቀለቀችው። መቀነቱ ንቅንቅ አላለም። የሰፈሩ ውሾች ግን በሄደበት ሁሉ ይከተሉት ጀመር።

ቀጥላ የከብት ሐኪሙን ፊያክራን ጠራችው። ፊያክራ ጎንበስ ብሎ ዳበሰው፣ መታ መታ አደረገው።

«የኋላ እግሩን አስቀድሞ የመጣ ጥጃ ነው» አለ። «መኪናዬ ውስጥ ጥጃ ሲያስቸግር የምስብበት ብረት አለኝ።»

«እኔ ላይ?» አለ ፊንባር ከገለባው ውስጥ።

«አይዞህ፣ እናቶቹ አያማርሩም።»

«እነሱ መናገር ስለማይችሉ ነዋ!»

ብረቱ ሳይሞከር ቀረ።

ፊንባር በዚያ ሰሞን ልቡን የጣለው በሌላ ነገር ላይ ነበር። በጭምብሉ ጀግኖ ማደያው በየቀኑ ይሄዳል። የትራክተሩ ታንከር ሞልቶ መፍሰስ ሲቀረው እንኳ ይሄዳል። ዘይት ይለካልኝ ይላል፣ ጎማ ይታይልኝ ይላል፣ ከዚያ አጥሩን ተደግፎ ይቆምና ያወጋል። ስለ እናቱ ነገራት፣ አንድ ጊዜ ደብሊን ሄዶ አውቶቡስ ስላመለጠው ነገራት። ኖሪንም በርሜል ላይ ተቀምጣ ታዳምጠዋለች። በጣም ትስቃለች። አንዳንዴም አትስቅም፤ የገለባውን ቀዳዳዎች ታያለች። አንድ ቀን ድፍረቱ ሞልቶ ፈሰሰ።

«ኖሪን፣ እኔ ... እስከዛሬ ያልነገርኩሽ ለምን ይመስልሻል? ብትስቂብኝስ ብዬ ነው። እኔ አንቺን ...»

«ተው» አለችው እጇን አንስታ። «ከድርቆሽ ክምር ጋር አልነጋገርም። ይሄን ነገር በገዛ ፊትህ በለውና እሰማሃለሁ።»

ፊንባር እጁን ወደ ጭምብሉ ሰደደ። ጠርዙን ያዘው። ቀና ሊያደርገው አልቻለም። ትራክተሩን አስነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት በላም ጋጣው ውስጥ ልምምድ ያዘ። አስቦበት ነው፤ መጀመሪያ በጭምብል ይለማመዳል፣ ሲጠናለት ያወልቀዋል። የሚሰማው ሰው ስላልነበር ፔትሮኔላ ከምትባለው ትልቋ ላሙ ጋር ፊት ለፊት ቆመ። ፔትሮኔላ ያገኘችውን ሁሉ የምትቀምስ፣ ቀደም ሲል የአባ ኮርማክን ባርኔጣ የጨረሰች ላም ናት።

«ውድ ኖሪን» አለ ፊንባር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ማደያሽ የመጣሁት ለናፍጣ አልነበረም። የአባቴ ትራክተር ይህን ያህል አይጠጣም። ጎረቤቶቼን እየለመንኩ የእነሱንም በርሜል እሞላ ነበር።»

ጭምብሉ ውስጥ ሆኖ ከአፍንጫው በታች ምንም አያይም። ፔትሮኔላ ግን ጨዋማው ቅቤ ሸቷታል። መጀመሪያ የጎኑን መስቀል ላሰች፣ ከዚያ ቀረጠፈችው። ገለባውን ከናይሎኑ ላይ እየመዘዘች በእርጋታ ታመነዥክ ጀመር። ፊንባር መቀነቱ ሲወዛወዝ ከልቡ ድንጋጤ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ያለ አንቺ መኖር እችላለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ግን አይጣፍጥም!»

ይህን ሲል ኖሪን በሩ ላይ ቆማለች። ትናንት በችኮላ ሲሄድ የረሳውን የዘይት ጀሪካን ልትመልስ መጥታ ነው። ላሚቱ የመጨረሻውን መስቀል ስትውጥ አየች። ፔትሮኔላ አንገቷን አስረዝማ የጭምብሉን ጫፍ በጥርሷ ያዘችና አንዴ ሳበችው። ከፊንባር ራስ ላይ ወለቀ። ገለባው ያለቀለት ባዶ ናይሎን ሰፍቶ ስለነበር ሸርተት ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወደቀ። ሱሪውም ተከተለው።

ፊንባር በቀዝቃዛው ጋጣ መሃል በውስጥ ሱሪ ቆሞ ኖሪንን አያት። ዙሪያውን የሚሸሸግበት ገለባ ፈለገ። ያለው ሁሉ ፔትሮኔላ አፍ ውስጥ ነው።

«የቱ ጋ ደርሰህ ነበር?» አለችው ኖሪን።

ሸሚዙን በሁለት እጁ ወደ ታች ሳበ። «አይጣፍጥም ያልኩት ጋ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን የራሱ ነበር። «እውነቴን ነው። አንቺ የሌለሽበት ሻይ እንኳ አይጣፍጥም።»

«እሺ» አለች ኖሪን። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሳቋን ልትይዝ ብትሞክርም ትከሻዋ አሳበቀባት። «ሱሪህን ታጠቅና እንጠጣዋ።»

መንደሩ ወሬውን በሰማ ጊዜ ግን የደነገጠው ስለ ሌላ ነገር ነው። መቀነቱ ተበልቷል! አትራክታ ኮሚቴውን በአስቸኳይ ሰበሰበች፤ ማለትም ብቻዋን ጋጣው ውስጥ ገብታ ላሚቱ ላይ አፈጠጠችባት።

«አልተቆረጠም» አለች ብዙ ካሰበች በኋላ። «ተበላ እንጂ አልተቆረጠም። እንግዲህ በረከቱ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው። በሆዷ ሥር ማለፍ ነው!»

«አባ፣ ይሄ ነገር ይፈቀዳል?» አለች ኮንሴፕታ።

አባ ኮርማክ ወንዙን እያሰቡ ሰዓታቸውን አዩ። «ላሚቱ ከፈቀደች እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ።

ፔትሮኔላ ፈቀደች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ሰው፣ ሐኪሙ ፊያክራ ጭምር፣ በጭቃ ላይ በእንብርክኩ እየዳኸ በሆዷ ሥር በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን ወጣ። እሷ ድርቆሿን እያመነዠከች ቆማ አንዳንዴ ብቻ በጭራዋ የአንዱን ጆሮ ትመታለች። አትራክታ ሦስት ጊዜ አለፈች። ኖሪንና ፊንባር አላለፉም። አጥሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ታዳምጣለች። ፊቱ ዝናብ ነክቶት ቀልቷል።

በመከር ተጋቡ። ፊንባር ጠዋት ላሞቹን አልቦ ከሰዓት ማደያውን ይጠብቃል፤ ከደንበኛ ጋር ዛሬም ብዙ አይናገርም። ፔትሮኔላ በዚያው ዓመት መንታ ወለደች። አትራክታ በረከቱ የመንደሩ ስለሆነ ጥጆቹ ለኮሚቴው ይገባሉ ብላ መጣች። ኮንሴፕታ ቡና ቤት እንደሚዘጋ ሰው በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችባት።